ሳርዲንና ሦስቱ ተካፋዮቹ

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል የአገራችን ተረት። እኛ ዛሬ የምንጎረጉረው ዓሣ ግን ዘንዶ ቀርቶ እባብ እንኳ ያወጣል ተብሎ የማይጠረጠር፣ ቁመቱ ከስንዝር እምብዛም የማያልፍ፣ በቆርቆሮ ታሽጎ በየሱቁ መደርደሪያ የምናየው ሳርዲን ነው። ታናሽነቱን አይቶ «ይህ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ እኛም ራሳችን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ እናስብ ነበር። ነገር ግን ጉዳዩን ተከታትለን ብንመረምረው፣ ይህ ታናሽ ዓሣ ያበለጸጋቸውና መልሶ ያደኸያቸው ከተሞች፣ ያጠገባቸውና ያስራባቸው ፍጥረታት ብዙ ሆነው አገኘናቸው። ከእነዚህም ታሪኮች አንዱ የራሳችን ሆኖ ሳለ የረሳነው ነው።

ነገሩ የተነሣው ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ ጾመኞች እህል በሚቀምሱበት በዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። መሥሪያ ቤታችን የሚገኘው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ነው። አንድ ባልደረባችን የሳርዲን ቆርቆሮ ከፍቶ በዳቦ ሊመገብ ሲል፣ ሌላው «ወንድሜ፣ ዓሣ እኮ የፍስክ ነው» ብሎ ገሠጸው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በአገራችን የቆየ ስለ ሆነ እነርሱም አልፈቱትም፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ለመፍታት አንደፍርም። ሁለቱ በዚህ ሲከራከሩ፣ ዕቃ ቤቱን ከአይጥ የምትጠብቀው ድመት ሽታውን ተከትላ መጥታ ከጠረጴዛው ሥር ተቀመጠች። ሦስተኛው ባልደረባችን «ጾሙን ተዉትና፣ ለመሆኑ ይህ ዓሣ ከየት መጣ?» ብሎ ቆርቆሮውን አገላብጦ ቢያነበው፣ የሞሮኮ ሥራ ሆኖ ተገኘ። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ተነሥቶ፣ በጅቡቲ በኩል ተሻግሮ፣ ከቃሊቲ ጉምሩክ አልፎ እፊታችን የደረሰ ዓሣ ነበር።

ይህን ወሬ በዚያው ምሽት ሰማንያ ዓመት ላለፋቸው ጡረተኛ ጎረቤታችን ብናወራላቸው ፈገግ አሉ። «ልጆቼ፣ እናንተ ሳርዲን ከቆርቆሮ የተወለደ ይመስላችኋል። እኔ በወጣትነቴ በምፅዋ ባሕር ኃይል ሳገለግል፣ ትንንሹ ዓሣ በባሕሩ ዳር እንደ እህል ተሰጥቶ አይቼዋለሁ። ነፋስ በመጣ ጊዜ ሽታው ከመርከቡ ላይ ይደርሰን ነበር» አሉን። «ማን ይበላው ነበር፣ አባባ?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «እኛማ አልበላነውም። ተፈጭቶ በጆንያ ወደ ውጭ አገር ይጫን ነበር። ለዶሮ ነው ይሉን ነበር» ሲሉ መለሱልን። ይህን የመሰለ መልስ ከሰማን በኋላ ነገሩን ሳንመረምር መተው አልቻልንም።

በመጀመሪያ ዓሣው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንግለጽ። ሳርዲን የሚለው ስም ሳርዲንያ ከምትባለው የሜዲትራንያን ደሴት ጋር እንደሚዛመድ ይነገራል። እንግሊዞች ታናሹን ሳርዲን፣ ያደገውን ፒልቻርድ ብለው ይጠሩታል፤ ዓሣው ግን አንድ ነው። የቅርብ ዘመዶቹም በጃፓን፣ በካሊፎርኒያ፣ በፔሩ፣ በደቡብ አፍሪካና በናሚብያ ባሕሮች ይገኛሉ። ምግቡ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ፣ በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው። ብቻውን አይኖርም፤ እንደ አንበጣ መንጋ ተሰብስቦ ይጓዛል። ነፋስ የባሕሩን ፊት ገፍቶ፣ ቀዝቃዛውና ለም የሆነው የታችኛው ውሃ ወደ ላይ በሚወጣበት ዳርቻ ሁሉ እጅግ ይበዛል። ዕድሜው አጭር፣ ርቢው ብዙ ነው። በዚህም ምክንያት በትልልቆቹ ዓሦች ሥጋ ውስጥ የሚጠራቀመው የሜርኩሪ መርዝ በእርሱ ዘንድ አነስተኛ ነው። ለልብ የሚበጅ ቅባት፣ ቪታሚን ዲ፣ አጥንቱም ጭምር ስለሚበላ ብዙ ካልሲየም ይሰጣል። በዋጋም ቢሆን ከሌሎቹ የባሕር ዓሦች ይረክሳል። እንግዲህ ለድኻ የተፈጠረ ምግብ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የዚህ ዓሣ ንግድ ከጾም ጋር መገናኘቱ ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚያስደንቅ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል ጠረፍ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች፣ ከገደል አፋፍ ላይ ጠባቂ ሰው ያቆሙ ነበር። ጠባቂውም የዓሣው መንጋ ባሕሩን ሲያጠቁረው ባየ ጊዜ ጮኾ ያሰማል፤ ጀልባዎችም ወዲያው ወጥተው በመረብ ይከቡታል። የተያዘው ዓሣ በጨው ተከምሮ ለሳምንታት ይቆይና በበርሜል ውስጥ ይጨመቃል፤ የሚወጣው ዘይት ለመብራት ይሆናል፤ በርሜሉ ግን በመርከብ ተጭኖ ወደ ኢጣልያ ይሄዳል። ምክንያቱም የኢጣልያ ካቶሊኮች በጾም ወራት ሥጋ ትተው ዓሣ ይበሉ ስለ ነበር ነው። የአንዱ አገር ጾም ለሌላው አገር እንጀራ ሆኖ ብዙ ዘመን ኖረ። ዛሬም በአዲስ አበባ የዓሣ ፈላጊው ቁጥር በጾም ወራት ከፍ ሲል፣ ያው የቆየ ነገር በእኛ ዘንድ መልኩን ለውጦ ይታያል።

ዓሣውን ከበርሜል ወደ ቆርቆሮ ያሸጋገረው የፈረንሳይ አገር ጥበብ ነው። ኒኮላ አፔር የተባለ ፈረንሳዊ፣ ምግብን በታሸገ ዕቃ ውስጥ በማፍላት ሳይበላሽ ማቆየት እንደሚቻል አሳይቶ፣ በ1810 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቆጣጠር ከመንግሥቱ 12 ሺህ ፍራንክ ተሸለመ። (የውጭውን አገር ነገር ስንጽፍ ከዚህ በኋላም የምንጠቅሰው ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1820ዎቹ ዓመታት በናንት ከተማ የሳርዲን ማሸጊያ ሥራ ተጀመረ፤ ከዚያም ጥበቡ ወደ ፖርቱጋል፣ ወደ እስፓኝና ወደ ሰሜን አፍሪካ ተስፋፋ። በዛሬው ቀን በቆርቆሮ የታሸገ ሳርዲን ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም ቀዳሚዋ ሞሮኮ ናት፤ የባልደረባችን ምሳም ከዚያ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ ወደ ጎረቤታችን ምስክርነት እንመለስ። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋሐደች በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በምፅዋ በኩል ይካሄድ የነበረው የዓሣ ሥራ ዛሬ ብዙ ሰው የማያስታውሰው ትልቅ ሥራ ነበር። የቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚገባው ውሃ የተነሣ ከሰሜኑ ይልቅ ለም ስለ ሆነ፣ ሳርዲንና አንቾቪ የሚባለው ዘመዱ በጠረፉ ይበዙ ነበር። በ1954 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ይኸውም በ1946 ዓ.ም. አካባቢ፣ በኤርትራ ጠረፍ በአንድ ዓመት የተያዘው ዓሣ 25 ሺህ ቶን፣ ማለት 250 ሺህ ኩንታል ደርሶ ነበር። አብዛኛው ይኸው ትንንሹ ዓሣ ነው። አጥማጆቹ ከዳር ሆነው በመረብ ይጎትቱታል፤ በአሸዋው ላይ በፀሐይ ይደርቃል፤ ደርቆም ይፈጭና የዓሣ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱም የእንስሳት መኖ እንዲሆን ወደ ውጭ አገር ይላክ ነበር።

ሒሳቡን እናስብ። አንድ ቶን የዓሣ ዱቄት ለማግኘት ከአራት እስከ አምስት ቶን እርጥብ ዓሣ ያስፈልጋል። 25 ሺህ ቶን ዓሣ 25 ሚሊዮን ኪሎ ነው፤ ለአንድ ሚሊዮን ሰው ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ በዓመት 25 ኪሎ ይደርሰው ነበር። በዚያው ዘመን የደጋው ሕዝብ በዓመት አንድ ኪሎ ዓሣ እንኳ የማይቀምስ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ዘመን የኢትዮጵያ ሕዝብ የዓሣ ድርሻ ከዚህ እምብዛም አላለፈም። ስለዚህ የአገሩ ሕፃን ገንቢ ምግብ አጥቶ ሲጠወልግ፣ ከአገሩ ባሕር የወጣው ዓሣ የባዕድ አገር ዶሮ ያደልብ ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ፍርድ ስንሰጥ በሚዛን መሆን አለበት። የዚያን ጊዜ ሰዎች ሁሉ ሞኞች ወይም ጨካኞች ነበሩ ብለን አንጽፍም። ሳርዲን ቅባት የበዛበት ስለ ሆነ በሙቀት ፈጥኖ ይበላሻል፤ ምፅዋ ደግሞ ከዓለም ሞቃት ከተሞች አንዷ ናት። በረዶ ቤትና ቀዝቃዛ ዕቃ የሚጭን መኪና እንደ ልብ አልነበረም። የደጋውም ሰው ዓሣ መብላት አልለመደም ነበር። አጥማጁ ገዢ ያገኘው ከባሕር ማዶ ስለ ነበር ለባሕር ማዶ ሸጠ። ጥፋቱ የአንድ ሰው አይደለም፤ መንገዱን፣ በረዶውን፣ ማሸጊያውንና ልማዱን በአንድነት አስቦ የሚያሰናዳ ባለመኖሩ ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ከዚህ የምንማረው ብዙ ነገር አለ። ሀብት መኖሩ ብቻ አያጠግብም፤ ከባሕሩ እስከ መሶቡ ያለው መንገድ ካልተሠራ ሀብቱ የሌላ ነው።

ያም ቢሆን ሥራው ብዙ አልቆየም። በሰኔ ወር 1967 በመካከለኛው ምሥራቅ በተነሣው ጦርነት የስዊዝ ቦይ ተዘጋ፤ እስከ 1975 ድረስም ሳይከፈት ቆየ። ወደ አውሮፓ የሚወስደው አጭር መንገድ ሲዘጋ ገበያው ተናጋ። በኤርትራ የተቀጣጠለው ጦርነት ደግሞ የቀረውን አጥፍቶ፣ ጀልባውን ከአጥማጁ፣ አጥማጁን ከባሕሩ ለየ። በግንቦት 1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች፤ ባሕሩም የጎረቤት አገር ባሕር ሆነ። ለዚህ ነው የዛሬው ወጣት ሳርዲን ሲባል ከቆርቆሮ በቀር ሌላ ነገር የማይታየው።

በሌላው ዓለም ደግሞ ሥራውን ያቆመው ጦርነት ሳይሆን ስስት ነው። በካሊፎርኒያ የምትገኘው የሞንተሬይ ከተማ በ1930ዎቹ ዓመታት በሳርዲን የከበረች ነበረች። በ1936 እና በ1937 መካከል በነበረው የማጥመጃ ወራት በዚያ ጠረፍ ከ700 ሺህ ቶን በላይ ተያዘ። ከዚህም ብዙው ለሰው ምግብ አልታሸገም፤ ዱቄትና ዘይት ሆነ እንጂ። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ ዓሣው ጠፋ፤ ፋብሪካዎቹ ተዘጉ። የናሚብያው ዎልቪስ ቤይም እንዲሁ በ1968 ወደ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ቶን የሚጠጋ ሳርዲን አውጥቶ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባዶ እጁን ቀረ፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ እንኳ አልዳነምና መንግሥቱ በ2018 ማጥመዱን ጨርሶ ከለከለ። በፔሩ ደግሞ በ1970 ግድም ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ ይያዝ የነበረው አንቾቪ በ1972 የባሕሩ ውሃ በሞቀ ጊዜ በድንገት ተመናመነ። እውነት ነው፤ እነዚህ ዓሦች ያለ ሰው እጅም ይበዛሉ ያንሳሉ። ይህም በባሕር ወለል ላይ ከተከማቸው ቅርፊታቸው ተመርምሮ ታውቋል። ነገር ግን ተፈጥሮ ሲያሳንሳቸው ሰው መረቡን ካላነሣ፣ የሚቀረው ዘር አይኖርም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ሰውና ስለ ሰው ከብት ነው። ሁለተኛዎቹ ተካፋዮች በቤታችን የምናሳድጋቸው እንስሳት ናቸው። በ2022 ብቻ በዓለም ወደ 17 ሚሊዮን ቶን የሚሆን ዓሣ ዱቄትና ዘይት ሆኗል። ይህም ለዶሮ፣ ለአሳማ፣ በኩሬ ለሚረባ ዓሣ፣ በሀብታም አገሮችም ለድመትና ለውሻ ምግብ ይውላል። የእኛ ድመት ከጠረጴዛው ሥር የጠበቀችው ፍርፋሪ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ድርሻዋም ይገባታል፤ ዕቃ ቤታችንን ትጠብቃለችና። ነገር ግን ድመት የሚያሳድግ አንባቢ ቢኖር አንድ ምክር እንጨምርለት። ጥሬ ሳርዲን ብቻ ዘወትር የሚሰጣት ድመት ቪታሚን ቢ አንድ የሚባለው አንሷት ትታመማለች፤ ቅባት የበዛበት ዓሣ ብቻ መመገብም ይጎዳታል። ለእርሷም ቢሆን የበሰለ ቁራጭ አልፎ አልፎ ይበቃታል።

ሦስተኛዎቹ ተካፋዮች ግን ገበያ የማያውቁ፣ ገንዘብ የሌላቸው፣ አቤቱታም የማያቀርቡ ናቸው። እነርሱም ዓሣ ነባሪው፣ አቆስጣው፣ ቱናው፣ ልዩ ልዩ የባሕር ወፎችም ናቸው። ትንንሹ ዓሣ ጥቃቅኑን በልቶ ወደ ሥጋ ይለውጠዋል፤ ትልልቆቹም እርሱን በልተው ይኖራሉ። መካከለኛው ሲወጣ ላይኛውና ታችኛው ይለያያሉ። በደቡብ አፍሪካና በናሚብያ ጠረፍ የሚኖረው ፔንግዊን የሚባለው የማይበር ወፍ ለዚህ ምስክር ነው። ሳርዲኑና አንቾቪው ሲያንስበት ቁጥሩ እየወረደ ሄዶ የሚራቡት ጥንዶች ከ10 ሺህ በታች ሆኑ፤ በ2024ም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ፍጥረታት መካከል ተመዘገበ። በ2025 በደቡብ አፍሪካ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት፣ ወፎቹ በሚራቡባቸው ዋና ዋና ሥፍራዎች ዙሪያ ለ10 ዓመት ሳርዲንና አንቾቪ እንዳይጠመድ ተወሰነ። አፍ የሌለው ወፍ በመጨረሻ ጠበቃ አገኘ ማለት ነው።

በ2011 የታተመ አንድ የሊቃውንት ጥናት፣ በሰባት የባሕር አካባቢዎች የሚኖሩ 14 ዓይነት ወፎችን መርምሮ የደረሰበት ነገር እኛን ኢትዮጵያውያንን ሊያስደንቀን ይገባል። ትንንሹ ዓሣ ከሙሉ ብዛቱ ሲሶ በታች በወረደ ጊዜ ወፎቹ ጫጩት ማሳደግ ይሳናቸዋል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ሲሶው ለወፎች ይተው አሉ። ሲሶ የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን የአገሩን መሬት ሲያስቡ «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» ይሉ ነበር። ድልድሉ ሁልጊዜ በትክክል ተፈጽሟል አንልም፤ አራሹ ሲሶው እንኳ ያልደረሰው ዘመን ብዙ ነው። ነገር ግን ሐሳቡ ቁም ነገር አለው፤ አንዱ ተካፋይ ሁሉን ሊጠቀልል አይገባውም የሚል ነውና። ባሕርም እንዲሁ ሲሶ ለሰው፣ ሲሶ ለሰው እንስሳት፣ ሲሶ ለባሕሩ ፍጥረታት ቢባል፣ የመጨረሻውን ሲሶ መንካት ዘሩን እንደ መብላት ይቆጠራል። ዘሩን የበላ ገበሬ በሰኔ ምን እንደሚያገኘው ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገንም።

«እኛ ባሕር የለንም፤ ይህ ምን ይመለከተናል?» የሚል ቢኖር፣ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የአብያታንና የሻላን ሐይቆች ይጐብኝ። በሻላ ደሴት ላይ ነጫጭ ይብራዎች ጎጆ ሠርተው ይራቡ ነበር፤ ሻላ ግን ለእነርሱ የሚበቃ ዓሣ ስለሌለው፣ በየቀኑ ወደ አብያታ በርረው ቆሮሶ አጥምደው ለጫጩቶቻቸው ይመለሱ ነበር። ወደ አብያታ የሚገባው ውሃ በመስኖ ሲቀነስ፣ የሶዳ አሽ ፋብሪካም ውሃውን ሲስብ፣ ሐይቁ ሸሸ፤ ጨዋማነቱም በረታ፤ ዓሣው አለቀ። ይብራዎቹም ማዕዳቸው ሲነሣ ቁጥራቸው ተመናመነ። የናሚብያው ታሪክ በስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ላይ ተደገመ ማለት ይቻላል። መረብ ሳይጣል እንኳ ሲሶው ሊጠፋ እንደሚችል ይህ ያስረዳል።

ከዚያም ይልቅ ቅርብ ነገር አለ። ከመሥሪያ ቤታችን ብዙ ሳይርቅ የአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገኛል። በ1930ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአቃቂ ወንዝ ላይ ግድብ በመሠራቱ የተፈጠረ፣ ከአገራችን ቀደምት የውሃ ኤሌክትሪክ ምንጮች አንዱ ነው። ኃይል ማመንጫው በደለል ምክንያት ለብዙ ዓመታት ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ በ2016 ታድሶ እንደገና ሠርቷል። በሐይቁና በዙሪያው ባለው ረግረግ ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፎች ይከርማሉ። ነገር ግን የአዲስ አበባ ቆሻሻና የፋብሪካዎች ዝቃጭ በአቃቂ ወንዝ ወርዶ የሚጠራቀመው በዚያው ነው። በዚህ ውሃ በሚለማው አትክልት ውስጥ እንኳ የከባድ ማዕድን መርዝ መገኘቱን ምርምሮች ገልጸዋል። እንዲህ ካለ ውሃ ውስጥ ዓሣ አውጥቶ ለልጁ በድፍረት የሚያበላ ማን ነው? ቢቀርበን የምንበላው ዓሣ ተበላሽቶብን፣ ከሞሮኮ የመጣውን በውጭ ምንዛሪ እንገዛለን።

ይህን ሁሉ ጽፈን ለጎረቤታችን ለአባባ ብናነብላቸው፣ እስከ መጨረሻው በዝምታ ሰሙን። ስለ ምፅዋ የጻፍነውን እውነት ነው አሉ። ቀጥለውም «ባሕሩን ያጣሁት እኔ ብቻዬን በሰጠሁት ፍርድ አይደለም፤ ሐዘኑም አልወጣልኝም። ወንዙ ግን በደጃችሁ ነው። እርሱንስ ማን ወሰደባችሁ?» ብለው ጠየቁን። እኛም መልስ አልነበረንም።

ስለዚህ የተከበራችሁ አንባብያን፣ የሳርዲኑን ቆርቆሮ በምትከፍቱበት ጊዜ ይህን ታሪክ እንድታስቡ እንለምናለን። ምግቡ መልካም ነው፤ ብሉት፤ ጾም ነው ብሎ የሚተወውም በሃይማኖቱ ይመስገን። ለከብቶቻችንና ለዶሮዎቻችን መኖ ስናዘጋጅ፣ የኑጉን ፋጉሎና የአገሩን እህል ተረፈ ምርት አስቀድመን፣ ለሰው የሚሆነውን ዓሣ ለሰው እንተው። ከሐይቆቻችን ቆሮሶውንና አምባዛውን ስናወጣ፣ ለዘር የሚሆነውን ታናሹን ዓሣ በሚያስቀር መረብ እናውጣ። ከሁሉም በላይ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጥን እኛ፣ ስለ ወንዝና ስለ ሐይቅ የሚመጣው ደብዳቤ እጃችን በገባ ጊዜ፣ አቤቱታ የማያቀርበውን ሦስተኛውን ተካፋይ ሳንረሳ እንፈርምበት።

በማግሥቱ በዘጠኝ ሰዓት ያ ባልደረባችን ሌላ ቆርቆሮ ከፈተ። ክርክሩ አልተነሣም። ዳቦውን ለሦስት ቈርሶ ለሁላችን አደለን፤ ከዓሣውም አንዲት ቁራጭ ለድመቷ ወረደላት። በመስኮት በኩል፣ ከአባ ሳሙኤል አቅጣጫ የሚመጡ ወፎች ከፋብሪካዎቹ ጣሪያ በላይ ሲያልፉ አየን። ለእነርሱ ያካፈልናቸው ነገር አልነበረንም፤ ድርሻቸው ያለው በወንዙ ውስጥ ነውና።